ልዩ ልዩ ዓይነት የውኃ ቧንቧዎችን ስለ ማጋጠም

(በሬዲዮ ከተደረገው ንግግር የተወሰደ)



ከአዲስ አበባ መሐል ተነሥቶ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው አየር ጤና የተባለው ሰፈር ስሙ በጎ ስም ነው። ዳሩ ግን የአንድ ቤተ ሰብ ጤና የሚጠበቀው በሚተነፍሰው አየር ብቻ ሳይሆን በሚጠጣውም ውኃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ሰፈር፣ እንደ ብዙዎቹ የከተማችን ሰፈሮች ሁሉ፣ የቧንቧ ውኃ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚወርድ አይደለም፤ በፈረቃ የሚመጣ ነው። ተራው የደረሰው ቤተ ሰብም ብዙ ጊዜ ሌሊት ተነሥቶ በርሜሉን፣ ጄሪካኑንና ከፍ ባለ ስፍራ ያስቀመጠውን ታንከር ይሞላል።

እንግዲህ እንዲህ በብዙ ጥበቃ የተገኘው ውኃ ከቆጣሪው ካለፈ በኋላ በአንዲት ደካማ መጋጠሚያ በኩል ወደ መሬት ቢሰርግ፣ ባለቤቱ ላልጠጣው ውኃ ዋጋ ይከፍላል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ በሌላ ሰዓት እድፍ የሚገባበት በር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ሁለት ቧንቧዎች ስለሚገናኙባት ስለ አንዲት ጋት ስፍራ ነው።

የነገሩን ፍሬ አስቀድመን ለማመልከት ያህል እንዲህ እንላለን። ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። እያንዳንዱም ዓይነት ከራሱ ወገን ጋር የሚጋጠምበት የራሱ ሥርዓት አለው። ወገኑ ካልሆነው ጋር ግን በማጣበቂያም ሆነ በእሳት አንድ ሊሆን ስለማይችል፣ በጥርስና በጎማ ቀለበት መያዝ ይገባዋል። ይህን ሳያውቁ መሥራት በየጓሮው ለምናየው እርጥበትና ጭቃ አንዱ ምክንያት ነው።

ቀድሞና ዛሬ

በቀድሞ ዘመን ነገሩ ቀላል ነበር። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የእንጦጦ ውኃ በቧንቧ ወደ ከተማይቱ ሲወርድ፣ ከዚያም በኋላ በ1930ዎቹ ዓመተ ምሕረት የገፈርሳ ግድብ፣ በ1960ዎቹም መጀመሪያ የለገዳዲ ግድብ ተሠርቶ የውኃው መስመር እየሰፋ ሲሄድ፣ በየቤቱ ግቢ ይገባ የነበረው ቧንቧ በአብዛኛው ዚንክ የለበሰ ብረት ነበር። ሠራተኛው በብረቱ ጫፍ ላይ ጥርስ ያወጣል፤ ቃጫ ይጠመጥምበታል፤ በመፍቻ ያጠብቃል፤ ሥራውም በዚሁ ይፈጸማል። ብረት ከብረት ጋር ይጋጠም ስለ ነበር አንዱን ዘዴ የተማረ ሠራተኛ ሁሉን ያውቅ ነበር።

ዛሬ ግን በአየር ጤና በአንድ ግቢ ውስጥ አራት ዓይነት ቧንቧ ተገናኝቶ ማየት የተለመደ ሆኗል። ከቆጣሪው አጠገብ አሮጌው ብረት አለ። ከዚያ ቀጥሎ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ የሚሄደው፣ በጥቅል የሚሸጠው ጥቁር የላስቲክ ቧንቧ ነው። በቤቱ ግድግዳ ውስጥ አረንጓዴው ወይም ነጩ ፒፒአር ተዘርግቷል። የመጸዳጃ ቤቱንና የወጥ ቤቱን ፍሳሽ የሚያስወጣው ደግሞ ፒቪሲ የሚባለው ነው። ቤቱ በየጊዜው ሲታደስና ሲሰፋ አንዱ በሌላው ላይ ይቀጠላል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

እነዚህ ሦስት ፕላስቲኮች በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ትውልዳቸው ልዩ ልዩ ነው። ፒቪሲ የተባለው ፖሊቪኒል ክሎራይድ ሲሆን፣ ለውኃ ቧንቧ መሥሪያ መሆን የጀመረው በጀርመን አገር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። ጥቁሩ ላስቲክ ፖሊኢትሊን ይባላል፤ ይህም በ1933 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሌላ ነገር ሲመረመር ሳይታሰብ የተገኘ ነው። ፒፒአር የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ጣሊያናዊው ሊቅ ጁሊዮ ናታ በ1954 እ.ኤ.አ. ባደረገው ምርምር ለሥራ የሚበቃ ሆኖ ታወቀ፤ ናታም ከጀርመናዊው ከካርል ሲግለር ጋር በ1963 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል።

የቧንቧው ዓይነት በምን ይታወቃል?

ከማጋጠም በፊት ማወቅ ይቀድማል። የመጀመሪያው ምልክት በቧንቧው ጎን ላይ የታተመው ጽሑፍ ነው፤ በዚያ ላይ የቁሱ ዓይነት፣ የውጩ ስፋት በሚሊ ሜትርና የሚችለው ግፊት ይጻፋል። ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ነጭ ፒፒአርም ነጭ ፒቪሲም አለና።

ጽሑፉ ጠፍቶ ቢገኝ በቤት ውስጥ የሚደረግ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ከቧንቧው ላይ ትንሽ ፍቅፋቂ በቢላዋ አንሥቶ በውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ መጨመርና በጣት ወደ ታች ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው። ፒቪሲ ከውኃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ውኃ የሚይዘውን ስፍራ ቢሞላ ክብደቱ ወደ 1.4 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ ይሰጥማል። ፖሊኢትሊን ወደ 0.95፣ ፖሊፕሮፒሊን ወደ 0.90 ኪሎ ግራም ስለሚሆኑ ሁለቱም ይንሳፈፋሉ። ከሁለቱ ተንሳፋፊዎች ጥቁር፣ የሚተጣጠፍና በጥቅል የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊኢትሊን ነው፤ ግንቡ ወፍራም ሆኖ ቀጥ ባለ ዘንግ የሚሸጠው ፒፒአር ነው። አንዳንድ ሰዎች በእሳት አቃጥለው በሽታው ሊለዩ ይሞክራሉ፤ ይህ መደረግ የለበትም፤ የፒቪሲ ጢስ ሳንባን የሚጎዳ አሲድ ያለበት ነውና።

እያንዳንዱ ከወገኑ ጋር

ፒቪሲ ከፒቪሲ ጋር በማጣበቂያ ይጋጠማል። ይህ ማጣበቂያ ግን ወረቀት እንደምናጣብቅበት ሙጫ ያለ አይደለም። ሸክላ ሠሪዋ የጀበናውን ጆሮ ከሆዱ ጋር ስታያይዝ ሁለቱን ወገን በውኃ አርሳ፣ አልስልሳ እንደምታዋሕዳቸው ሁሉ፣ በማጣበቂያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ የፒቪሲውን ፊት ያሟሟዋል፤ የሁለቱ ፊት እርስ በርሱ ይገባል፤ ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ አንድ አካል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጫፉ ቀጥ ብሎ መቆረጥ፣ መሞረድ፣ ከአቧራና ከእርጥበት መጽዳት አለበት። ማጣበቂያው በሁለቱም ላይ ከተቀባ በኋላ ቧንቧው ሩብ ዙር እየዞረ እስከ መጨረሻው ይገባል፤ ወደ ኋላ እንዳይገፋም ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ ይያዛል። ውኃ ከመልቀቅ በፊት አንድ ሙሉ ቀን መታገሥ መልካም ነው። የማጣበቂያው ትነት በእሳት የሚያያዝና የሚያደነዝዝ ስለ ሆነ፣ የከሰል ምድጃ ባለበት ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሠራበትም።

ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ግን ይህን ዓይነቱን ማጣበቂያ ፈጽሞ አይቀበሉም። ጠባያቸው እንደ ሰም ነው። በጎመን ዘር የታሰሰ ምጣድ እንጀራውን ይዞ እንደማያስቀር ሁሉ፣ የእነዚህም ፊት ማጣበቂያን አይዝም፤ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ሻጩ “ሁሉን ያጣብቃል” ቢልም ባይልም ነገሩ ይኸው ነው። እነርሱ የሚጋጠሙት በሙቀት ነው። ሁለት የሰም ጧፎችን ጫፋቸውን አሙቆ አንዱን ከሌላው ጋር ቢጫኑት አንድ ጧፍ እንደሚሆኑ ማለት ነው።

ለፒፒአር የሚሠራው ማሽን 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል። የቧንቧው ጫፍና የመጋጠሚያው አፍ በአንድ ጊዜ በማሽኑ ላይ ይገባሉ። የ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ለ5 ሴኮንድ፣ የ25ቱ ለ7 ሴኮንድ፣ የ32ቱ ለ8 ሴኮንድ ይሞቃል። ከዚያም በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ፣ ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ይገፋል፤ ለ2 እስከ 4 ደቂቃም ሳይነካ ይቀዘቅዛል። ሠራተኛው ቸኩሎ ከጊዜው ቢያሳንስ መጋጠሚያው የተያያዘ መስሎ ይለያያል፤ ቢያበዛ ደግሞ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ፈስሶ የውኃውን መንገድ ያጠብባል። መብራት በሚዋዥቅበትና በሚጠፋበት ጊዜ ማሽኑ ሙቀቱን ስለሚያጣ፣ ሙቀቱ እስኪመለስ ድረስ ሥራውን ማቆም የሙያ ግዴታ ነው።

ዘመድ ያልሆኑት ሲገናኙ

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። ፒቪሲን ከፒፒአር፣ ፒፒአርን ከጥቁሩ ላስቲክ፣ ከሦስቱም አንዱን ከብረት ጋር ማጋጠም ሲያስፈልግ ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ መደረግ የሌለበትን እንናገር። በብዙ ስፍራ የሚታየው ልማድ ጥቁሩን ላስቲክ በእሳት አሙቆ አፉን ማስፋት፣ በብረቱ ቧንቧ ላይ ማልበስ፣ ከዚያም በመኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭና በሽቦ መጠፍነግ ነው። ይህ ሥራ በተሠራበት ዕለት ውኃ ላያፈስ ይችላል። ነገር ግን ላስቲኩ ሲቀዘቅዝ የነበረው ውፍረት ተለውጧል፤ ሽቦው በአንድ ስፍራ ይቆርጠዋል፤ ብረቱም ይዝጋል። የፈረቃው ውኃ በሌሊት በኃይል ሲመጣ መጋጠሚያው ይላቀቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ይሆናል።

ፒፒአርንና ጥቁሩን ላስቲክ በማሽን አቅልጦ ማያያዝም አይገባም። ሁለቱም በሙቀት የሚበየዱ ስለ ሆኑ የሚዋሐዱ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን ቀልጠው ቢነካኩም እንደ ዘይትና ውኃ ናቸው፤ ሲቀዘቅዙ በመካከላቸው ስንጥቅ የሚቀበል ድንበር ይቀራል።

ትክክለኛው መንገድ በሁለቱ መካከል አስታራቂ የሚሆን መጋጠሚያ ማስገባት ነው። ሁለት ጎረቤቶች በራሳቸው መስማማት ሲያቅታቸው በሁለቱም ዘንድ የታመነ ሽማግሌ እንደሚገባ ሁሉ፣ ይህም መጋጠሚያ በአንድ ፊቱ ለአንዱ፣ በሌላው ፊቱ ለሌላው የተዘጋጀ ነው።

ፒፒአርን ከብረት ጋር ለማገናኘት በአንድ ወገኑ የፒፒአር አፍ ያለው፣ በሌላው ወገኑ የናስ ጥርስ በውስጡ የተቀበረበት መጋጠሚያ ይሸጣል። የፕላስቲኩ ወገን ይበየዳል፤ የናሱ ወገን በብረቱ ላይ ይጠብቃል። ብየዳው ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ጥርሱን ማጥበቅ አይገባም። በሚጠብቅበትም ጊዜ ሁለት መፍቻ መያዝ ያስፈልጋል፤ አንዱ መጋጠሚያውን አጽንቶ ይይዛል፣ ሌላው ያዞራል። በአንድ መፍቻ ብቻ ቢሠራ ጥምዘዛው ወደ ፕላስቲኩ ተላልፎ ናሱን ከተቀበረበት ያናጋዋል።

ጥቁሩን ላስቲክ ከብረት ወይም ከፒፒአር ጋር ለማገናኘት በእጅ የሚጠብቅ መጋጠሚያ አለ። በውስጡ የጎማ ቀለበትና ጥርስ ያለው የተሰነጠቀ ቀለበት ይገኛሉ። ጎማው ውኃውን ይከለክላል፤ የተሰነጠቀው ቀለበት ቧንቧውን ነክሶ እንዳይወጣ ይይዛል። ቧንቧው ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ጠርዙ በሞረድ ይለዝባል፤ የሚገባውም ልክ አስቀድሞ በእርሳስ ይመለከታል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ውኃ የሚያፈስሰው ቧንቧው ከጎማው ሳይዘልቅ ስለሚቀር ነው። ለማለስለስ የሳሙና ውኃ ይበቃል፤ ዘይትና ግራሶ ጎማውን ሊያበላሹት ይችላሉ። በሌላው ወገን ያለው ጥርስ ከብረቱ ወይም ከፒፒአሩ የናስ ጥርስ ጋር ይያያዛል።

ፒቪሲን ከሌላው ጋር ለማገናኘት ደግሞ በአንድ ወገን በማጣበቂያ የሚያዝ፣ በሌላው ወገን ጥርስ ያለው የፒቪሲ መጋጠሚያ ይፈለጋል። በራሱ በቧንቧው ላይ ጥርስ ማውጣት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። የፒቪሲ ግንብ እንደ ብረት ጽኑ አይደለም፤ ጥርሱ ሲወጣ ከስስ ግንቡ ብዙው ይቀነሳል፤ ቧንቧውም ከዚያው ስፍራ ይሰበራል። ጥገና በሚያስፈልግበት በታንከሩና በቆጣሪው አጠገብ መስመሩን ሳይቆርጡ ለመፍታት የሚያስችል ዩኒየን ማስገባት አስተዋይነት ነው።

የፍሳሹም መስመር እንዲሁ ነው። አዲሱን ፒቪሲ ከአሮጌው የሲሚንቶ ቱቦ ጋር ሲያያይዙ በዙሪያው ሲሚንቶ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም፤ የፒቪሲው ፊት ልሙጥ ስለ ሆነ ሲሚንቶው አይዘውም፤ በመካከላቸው ቀጭን መንገድ ይቀራል። በብረት ማሠሪያ የሚጠብቅ የጎማ እጅጌ ማልበስ ይሻላል። እርሱ ካልተገኘ በፒቪሲው ዙሪያ ማጣበቂያ ቀብቶ ደረቅ አሸዋ መነስነስና ሲደርቅ ሲሚንቶውን መለጠፍ ልስኑ የሚይዘው ሻካራ ፊት ይሰጠዋል።

ስለ ጥርስና ስለ ልክ

በጥርስ የሚያዝ መጋጠሚያ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ወንዴው ጥርሱ በውጭ፣ ሴቴው ጥርሱ በውስጥ ያለው ነው። ብረትና ፕላስቲክ ሲገናኙ ሊዘነጋ የማይገባው ደንብ ይህ ነው፤ ወንዴው ፕላስቲክ፣ ሴቴው ብረት ይሁን። የቧንቧ ወንዴ ጥርስ ወደ ጫፉ የሚቀጥን ስለ ሆነ በገባ ቁጥር እንደ እንጨት መፍለጫ ሽብልቅ ይገፋል። የብረት ወንዴ በፕላስቲክ ሴቴ ውስጥ ቢገባ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁም በዕለቱ ሳይታይ ከወራት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። የግድ የፕላስቲክ ሴቴ ካስፈለገ ናስ የተቀበረበት ወይም በውጭ በብረት ቀለበት የተደገፈ መሆን አለበት።

ቴፍሎን በወንዴው ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ጥርሱን ወደ ራስ አዙረው ሲመለከቱ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው የተጠመጠመ እንደ ሆነ ሲጠብቅ ይተረተራል። 3 ወይም 4 ዙር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በብረት ላይ የለመደ እጅ ፕላስቲክንም በዚያው ኃይል ሊያጠብቅ ይነሣሣል፤ በእጅ እስከሚችሉት አጥብቆ በመፍቻ አንድ ዙር ወይም አንድ ዙር ተኩል መጨመር ግን ይበቃዋል። ለብረት የሚቀባ ዘይት ያለበት ቅባት ሁሉ ለፕላስቲክ አይሆንም፤ አንዳንዱ ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ የሚያስሰነጥቅ ነው።

ሰውን የሚያሳስት ሌላ ነገር የልክ ጉዳይ ነው። የብረት ቧንቧ በኢንች ሲጠራ ስሙ በግምት የውስጡን ስፋት ያመለክታል፤ ባለ ግማሽ ኢንች የሚባለው የውጩ ስፋት 21.3 ሚሊ ሜትር ነው። የፕላስቲኮቹ ልክ ግን የውጩ ስፋት ነው። በተለምዶ 20 ሚሊ ሜትር ለግማሽ ኢንች፣ 25 ለሦስት ሩብ ኢንች፣ 32 ለአንድ ኢንች ምትክ ይሆናል። ዳሩ ግን የፒፒአር ግንብ ወፍራም ስለ ሆነ ውስጡ ይጠብባል፤ የ20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ግንቡ 3.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለውኃው የሚቀረው መንገድ 13.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነበት ሰፈር ከቆጣሪ ወደ ታንከር የሚሄደውን መስመር በ25 ማድረግ የተሻለ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ስለ ሙቀትና ስለ ፀሐይ

ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስፍራ ሲታሰሩ በሙቀትና በብርድ እኩል አይረዝሙም፣ እኩልም አያጥሩም። 10 ሜትር የሆነ የፒፒአር ቧንቧ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 60 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በዚያው ልክ የሞቀ ብረት ግን 5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የሞቀ ውኃ የሚሄድበት ረጅም መስመር ቀጥ ብሎ በሁለቱም ጫፍ ከብረት ጋር ቢታሰር፣ በየጊዜው የሚገፋውና የሚስበው መጋጠሚያውን ነው። ማዕዘን እየሰጡ መዘርጋት፣ ግድግዳው ላይም ሳያንቁ መያዝ መድኃኒቱ ነው። ተራው ፒቪሲ ደግሞ ለሞቀ ውኃ ግፊት ጨርሶ አይሆንም፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ይለሰልሳል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ የምትገኝ ከተማ ስለ ሆነች ፀሐይዋ ከቆላው ያነሰ የምታሞቅ ብትሆንም፣ የማይታየው ጨረሯ ብርቱ ነው። ጥቁሩ ላስቲክ በውስጡ የካርቦን ጥቀርሻ ስላለበት ይህን ጨረር ይችላል። ፒፒአርና ፒቪሲ ግን በጣራ ላይ ያለ ሽፋን ከተተዉ ከዓመታት በኋላ ይነጣሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይሰበራሉም። ወደ ታንከሩ የሚወጣውን ቧንቧ መሸፈን ወይም ውኃ ቅብ ቀለም መቀባት ይገባል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

አንድ መጋጠሚያ በ10 ደቂቃ አንድ ሊትር ቢያፈስ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ውኃው ያልተቋረጠ ቢሆን በአንድ ቀን 144 ሊትር፣ በ30 ቀን 4,320 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር 216 ጄሪካን ነው። ይህን ያህል ጄሪካን ልጆቹንና ሠራተኛዪቱን ልኮ በሸክም ያስመጣ ቤተ ሰብ የቁጥሩን ክብደት ያውቀዋል።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን የጤናው ጉዳይ ነው። ፈረቃው አልቆ ውኃው ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል፤ ሲወርድም ከኋላው ባዶ ስፍራ ይተዋል። ያ ባዶ ስፍራ እንደ መርፌ መምጠጫ በየቀዳዳው ይስባል። ያፈሰሰው መጋጠሚያ በጭቃ ውስጥ ወይም በፍሳሽ ቦይ አጠገብ የተቀበረ ከሆነ ያንኑ እድፍ ወደ ውስጥ ያስገባል። በማግስቱ ፈረቃ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ቤት የሚገባው ይኸው ነው። ታይፎይድና ተቅማጥ ወደ ቤት ከሚገቡባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ የመጠጥ ውኃ መስመርን ከፍሳሽ መስመር አርቆና ከፍ አድርጎ መቅበር፣ በመካከላቸውም ባለው መሬት ውስጥ መጋጠሚያ አለማድረግ ይገባል። ፈረቃው እንደ መጣም የመጀመሪያውን ውኃ ጥቂት ለቅቆ ማፍሰስ ወይም ለጓሮ አትክልት ማዋል ይጠቅማል።

የኤሌክትሪክም አደጋ አለ። በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች የኤሌክትሪኩ የመሬት መስመር ከብረቱ የውኃ ቧንቧ ጋር ታስሮ ይገኛል። ብረቱ ወደ መሬት ስለሚገባ ያመለጠውን ኃይል ይዞ ይወርድ ነበር። ከመካከሉ አንድ ክንድ ያህል ተቆርጦ በፕላስቲክ ሲተካ ግን መንገዱ ይቋረጣል፤ በቤት ውስጥ የቀረው ብረትና የገላ መታጠቢያው ቧንቧ ሰውን ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ብረቱ በፕላስቲክ ከመተካቱ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ የመሬቱን መስመር ለብቻው ማስተከል የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከመቅበር በፊት መፈተን

ሥራው ሲያልቅ ወዲያው አፈር ማልበስና ግድግዳ መለሰን የብዙ ሰው ጥድፊያ ነው። ይልቁንስ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ እንደ ተገለጡ ውኃ ይለቀቅባቸው፤ አየሩ በአንድ አፍ ይውጣ፤ ከዚያ ሁሉም ተዘግቶ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በደረቅ ወረቀት ይዳሰስ። ከታንከር የሚወርድ ውኃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ብቻ ስለሚሰጥ፣ በታንከሩ ውኃ ተፈትኖ ያላፈሰሰ መስመር በመንገዱ ውኃ ግፊት ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ከቆጣሪው እስከ ታንከሩ ያለው መስመር ፈረቃው በመጣበት ሰዓት ቢፈተን የተሻለ ነው። በቤት ያለው የቧንቧ አፍ ሁሉና የታንከሩ መግቢያ ተዘግቶ ሳለ የቆጣሪው ትንሽ መዘውር ቢዞር፣ ውኃው በማይታይ ስፍራ እየሄደ መሆኑን ማወቅ ይቻላል።

የቤት ባለቤት ሁሉ የቧንቧ ሠራተኛ ይሁን አንልም። ነገር ግን ሥራውን ሲያዋውል ሦስት ነገር ቢጠይቅ መብቱም ጥቅሙም ነው፤ የሚገናኙት ቧንቧዎች ዓይነታቸው ምንድን ነው? በመካከላቸው የሚገባው መጋጠሚያ ለሁለቱም የተሠራ ነውን? ከመቀበሩስ በፊት በምን ይፈተናል? እነዚህን በሚገባ የሚመልስ ሠራተኛ ዋጋው ጥቂት ከፍ ቢልም ርካሽ ነው። የናስ ጥርስ ያለውን መጋጠሚያ ትቶ በሽቦና በጎማ የታሰረውን የመረጠ ግን ያተረፈ መስሎት ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ያስፈርሳል።

ለሠራተኞቻችንም አንድ ቃል አለን። ሙያችሁ የሚታየው በተቀበረው ሥራችሁ ነው። ከዓመታት በኋላ መሬቱ ደርቆ፣ ቆጣሪው ያለ ምክንያት ሳይዞር፣ የቤቱም ልጆች ንጹሕ ውኃ ሲጠጡ፣ ስማችሁን ባያነሡም የእጃችሁን ሥራ ያመሰግናሉ።